ቦቃን ከእናት በጎቹ ስለ መለየት

በግ ሰው ይወጋል ሲባል የማያምን ብዙ ነው። እናቴን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቻችንም «ኧረ በግ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አሉ። እኔ ግን ጎኗን አይቻለሁ። ሰንበሩ ጠቁሮ ከዳሌዋ እስከ ጭኗ ወርዷል። ለበጎቹ ጨው ልትሰጥ ጎንበስ እንዳለች አውራው በጋችን ከኋላ መጥቶ ነው የመታት። አጥንቷ አልተነካም፣ ተመስገን። በእሷ ዕድሜ ዳሌ ቢሰበር የሚመጣውን ማሰብ አልፈልግም።

ቦቃ ይባላል። ጥቁር ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። የመንዝ በግ ስለሆነ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ላቱ ሰፊ ነው። ቀንዱን ያየ ሁሉ «ምን ያለ አውራ ነው!» ይላል። እናቱ እንደወለደችው ስለሞተች በጡጦ አደገ። እሳት ዳር ከልጆች ጋር ተኝቷል። ልጆቹ ግንባሩን በመዳፋቸው እየገፉ «ና! ውጋ!» ይሉታል፤ እሱም ይገፋቸዋል። በጡጦ ያደገ አውራ ሰው አይፈራም። ሰውን ከመንጋው አንዱ አድርጎ ነው የሚያየው። ሲጎለምስ ከሌላ አውራ ጋር የሚፎካከረውን ያህል ከሰው ጋር ይፎካከራል። ስለዚህ «ሰይጣን ገብቶበታል» ሲሉት ቅር ይለኛል። በልጅነቱ የለመደውን ነው የሚሠራው።

ደግሞ ሳያስጠነቅቅ አይመታም። መጀመሪያ ያፈጣል። አገጩን ወደ ደረቱ ሰብሰብ ያደርጋል። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። የማያውቅ ሰው ፈርቶ የሸሸ ይመስለዋል። እሱ ግን መንደርደሪያ ቦታ እያበጀ ነው። ይህን ለቤቱ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አሳየሁ። ጀርባ አይሰጠውም። ግንባሩ አይታሸም፣ በፍቅርም ቢሆን። መኖው የሚሰጠው ከአጥር ውጭ ሆኖ ነው።

አጎቴ «ቀንዱን ይዘሽ መሬት ላይ ጣይው፣ ጌታውን ይወቅ» አለኝ። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ በግ ያረባ ሰው ነውና ቃሉን አከብራለሁ። በዚህ ግን አልተስማማሁም። አውራ በግ ሲመቱት ውጊያ ተጀመረ ብሎ ነው የሚረዳው። ዛሬ ቢሸነፍ ነገ ይሞክራል፤ ነገ ደግሞ በረቱ ውስጥ የምትገኘው እናቴ ልትሆን ትችላለች።

ከሰውም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ የእናት በጎቹ ነገር ነው። ሦስት ናቸው። ከቦቃ ጋር አንድ ላይ ስለቆዩ እርጉዝ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ላይሆኑም ይችላሉ። የመንዝ በግ ጸጉር ሆድን ስለሚደብቅ በዓይን አይለይም። አንድ ምሽት መኖ ሲቀርብ ቦቃ ግራጫዋን በጎኗ መትቶ ከድንጋይ ካቡ ጋር አጋጫት። ድምፅ አላወጣችም። እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመችና ቁና ቁና ተነፈሰች። መኖው ፊቷ እያለ አልቀመሰችም። እርጉዝ ከሆነች እንዲህ ያለ ምት ሊያስጨነግፋት ይችላል።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አያት። ደም ወይም ፈሳሽ እንድከታተል ነገረኝ። ከጨነገፈች በባዶ እጅ እንዳልነካው፣ ውሻ እንዳያገኘው አርቄ እንድቀብረው አስጠነቀቀኝ። በግ ከሚያስጨነግፉ በሽታዎች ወደ ሰው የሚተላለፉ አሉ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ጨርሶ መጠጋት የለባትም። ለትል አልበንዳዞል እንዲሰጣቸው ስለምነው ግን «ያረገዙት መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ አይሆንም» አለ። መድኃኒቱ በእርግዝናው የመጀመሪያ ወር ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። በጥድፊያ መድኃኒት ከሚሰጥ ሐኪም እንዲህ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ይሻላል። ግራጫዋም በማግስቱ መብላት ጀመረች።

በዚያው ሰሞን ቦቃን ለየሁት። በረቱን በጠንካራ አጣና ከፈልነውና አንድ ሙክት አስገባንለት። ብቻውን የተዘጋበት አውራ ይብስበታል። አንገቱ ላይ ቃጭል አሰርንለት፣ ከየት እንደሚመጣ እንዲሰማ። እናቴ ከዚህ ሁሉ የወደደችው ቃጭሉን ነው።

ቀን ቀን ግን ሜዳ ላይ ከእናቶቹ ጋር ይውላል። ሰፊ ቦታ ላይ መሸሻ ስላላቸው አይጎዳቸውም፤ ጥፋቱ የሚመጣው በጠባብ በረት፣ መኖና ጨው ላይ ነው። ወንድሜም አጠገባቸው አይጠፋም። ይህን ያደረግሁት እርግዝናውን ለማወቅ ስል ነው። ያላረገዘች በግ በ17 ቀን ገደማ አንዴ ድራት ላይ ትወጣለች፣ አውራ ትፈልጋለች ማለት ነው። ስለዚህ ቀይ አፈር በዘይት ለውሰን ጠዋት ጠዋት የቦቃን ደረት እንቀባለን። የተጠቃች፣ ማለትም አውራው የወጣባት በግ ማታ ከላቷ በላይ ቀልታ ትገባለች። ሲቀባ ወንድሜ ቀንዱን ይይዛል፣ እኔ ከጎን ነኝ።

ቦቃ በዚህ ሥራው ጎበዝ ነው። ከኋላ ይቀርብና ሽንቷን ያሸታል። አንገቱን ቀና አድርጎ የላይኛ ከንፈሩን ይቀለብሳል፤ ድዱ ሁሉ ይታያል። ድራት ላይ ካልሆነች ትቷት ይሄዳል። ነጯ በሁለተኛው ሳምንት ቀልታ ገባች። ግራጫዋና ቡናማዋ ግን የድራቱ ጊዜ አልፎም ንጹሕ ናቸው። መቶ በመቶ ማረጋገጫ አይደለም፣ ግን ደህና ምልክት ነው። ጡታቸው እስኪያግት ይህን ይዤ እጠብቃለሁ።

የበግ እርግዝና 150 ቀን አካባቢ ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አምስት ወር መቁጠር ብቻ ነው። ለመስቀል፣ መስከረም 17 የተጠቃች የካቲት 17 ግድም ትወልዳለች። እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ያኔ ሜዳው ደርቋል፣ የበልጉ ዝናብም መምጣቱ አያስተማምንም። ግልገሉ ደግሞ አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። ያን ጊዜ የተራበች እናት ደካማ ግልገል ትወልዳለች፣ እንገሯም ያንሳል። ስለዚህ ከድርቆሹ የተሻለውን ለይቼ ቆልፌበታለሁ። ፉርሽካና ትንሽ ፋጉሎ (ዘይት የተጨመቀ እህል ቅሪት) ከጥር ጀምሮ እጨምርላቸዋለሁ። ጠላ ሲጠመቅ አተላውን ለኛ እንዲያስቀሩልን ለጎረቤት ተናግረናል።

የቦቃ ጉዳይም ተወስኗል። ለገና ይሸጣል። አንድ ነጋዴ ቁመናውን አይቶ ለዘር ጥሩ ዋጋ ሰጥቶን ነበር። ጠባዩን ሳልደብቅ ነገርኩትና እንቢ አልኩ። ለእርድ ከሆነ ይውሰደው። ልጆች ላሉበት ቤት ለአውራነት አሳልፌ አልሰጠውም፣ ገንዘቡ ቢቀርም ይቅር። ልጆቹ እንደሚያለቅሱ አውቃለሁ፤ በጡጦ አጥብቶ ያሳደገ ልጅ ቢያለቅስ አይፈረድበትም። እኔም አይቀልለኝም።

ጠባይ በዘርም ይወርዳል። ከእሱ የሚወለዱ ወንዶች ሳይጎለምሱ ይኮላሻሉ፤ ይህን ከእናቴ ጋር ተስማምተናል። የሚቀጥለውን አውራ ገበያ ላይ በቀንዱና በላቱ ብቻ አልገዛም። ጎረቤታችን ጥሩ አውራ አላቸው። የፊታችን ቅዳሜ ማታ፣ በጎቻቸው ገብተው መኖ ሲቀርብ ሄጄ ከእናቶቹ ጋር እንዴት እንደሚበላ አየዋለሁ።