ላጓርዲያን ፍለጋ፦ ከኤሊስ ደሴት እስከ ኢስት ሃርለም

ወደ ኤሊስ ደሴት፣ ስደተኞች አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት ይመረመሩበት ወደነበረው ቦታ፣ የሚወስደው ጀልባ የሚነሳው ከማንሃተን ጫፍ፣ ከባተሪ ፓርክ ነው። መንገድ ላይ የነፃነት ሐውልት ጋ ይቆማል። ብዙው ሰው እዚያ ወርዶ ፎቶ ይነሳል። እኔ አልወረድኩም። ልቤ የነበረው ከ1907 እስከ 1910 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ደሴቱ ላይ በአስተርጓሚነት ከሠራ አንድ አጭር፣ ቁጡ ወጣት ጋር ነው። ፊዮሬሎ ላጓርዲያ ይባላል፤ በኋላ የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆኗል። በስሙ ከተጠራው የኒው ዮርክ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሳ ስሙን ያልሰማ የለም። ታሪኩ ግን እኛ ዘንድ ብዙ አይወራም። መወራት ያለበት ይመስለኛል።

የተወለደው በ1882 እዚያው ኒው ዮርክ ነው። አባቱ ከደቡብ ጣሊያን የመጣ ሙዚቀኛ፣ እናቱ ከትሪየስቴ የመጣች አይሁዳዊት። አባትየው የአሜሪካ ጦር የባንድ መሪ ስለነበር ልጁ ያደገው አሪዞና፣ ወታደር ሰፈር ውስጥ ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ፊዩሜ በምትባል የአድሪያቲክ ባሕር ወደብ የአሜሪካ ቆንስላ ወኪል ሆነ። እዚያ አንድ ነገር አየ። ድሃው ገበሬ ያለውን ሸጦ ይሳፈራል፤ አሜሪካ ሲደርስ በሽታ ተገኝቶብሃል ተብሎ ይመለሳል። ላጓርዲያ ታዲያ ሰዎቹ መርከብ ላይ ሳይወጡ ሐኪም ይያቸው ብሎ ድርቅ አለ። የመርከብ ኩባንያዎቹ ቢጮኹም አልሰማም።

የኤሊስ ደሴት ትልቁ አዳራሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ድምፅ ያስተጋባል። የቀሩት ጥቂት የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች ናቸው። አንዱ ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። በ1907 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በዚህ በር አልፏል። ሐኪሞቹ የጫማ ቁልፍ መቆለፊያ በሆነች መንጠቆ የዓይን ቆብ እየገለበጡ ትራኮማ ይፈልጉ ነበር። የተገኘበት ይመለሳል። ልጁ ከሆነ የተገኘበት፣ ከእናትና ከአባት አንዳቸው አብረው መመለስ አለባቸው። ይህን ለቤተሰቡ በገዛ ቋንቋቸው የሚነግራቸው ደግሞ አስተርጓሚው ነው። ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛና ክሮኤሽያኛ የሚችለው ላጓርዲያ ይህን ቀን ከቀን ሠርቶታል። ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሀበሻ ይህን አዳራሽ ማንም ሳያስረዳው ይረዳዋል።

አንድ ሌላ ሥራም ነበረው። እጮኛዋ ዘንድ የመጣች ሴት ካላገባች ከደሴቱ አትወጣም። ስለዚህ አስተርጓሚው ሙሽሮቹን ይዞ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል። የሚያጋቧቸው የምክር ቤት አባላት አንዳንዶቹ ሰክረው ይመጡ ነበር። ሙሽሮቹ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ በቃል ኪዳኑ ውስጥ ብልግና ይጨምራሉ፤ ጓደኞቻቸው ይስቃሉ። ከሁሉም ውስጤን የነካኝ ይሄ ነው። ሙሽሪት በሕይወቷ ትልቁ ቀን ላይ ሰው ስቆባት፣ እሷም አብራ ፈገግ ብላ ትሄዳለች። የተባለውን የሚያውቀው አስተርጓሚው ብቻ ነው። ላጓርዲያ ይህን ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። በኋላ እነዚያን የመሰሉ ሹሞች የነበሩበትን፣ ከተማዋን ይዞ የነበረውን ታማኒ ሆል የተባለ የፖለቲከኞች ቡድን እንደዚያ አምርሮ የተዋጋው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ ተምሮ በ1910 ተመረቀ። ከ1917 ጀምሮ የኮንግረስ አባል ሆነ፤ በመሀል አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ በጣሊያን ግንባር አውሮፕላን አበረረ። በ1921 ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ሳንባ ነቀርሳ ወሰደበት። በዓመቱ ለኮንግረስ ሲወዳደር የተቃዋሚው ደጋፊዎች ‘ላጓርዲያ አይሁድ ይጠላል’ ብለው አስወሩበት። እሱም ‘ና፣ በዪዲሽ ብቻ እንከራከር’ አለ፤ ዪዲሽ የአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው። አይሁዱ ተቃዋሚ ዪዲሽ አይችልም ነበር።

ኢስት ሃርለም የኮንግረስ ወንበሩ ሰፈር ነው። እዚያ የሄድኩት ብሮንክስ ከሚኖሩ፣ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ከነዱ አንድ ጋሼ ጋር ነው። ፓርክ አቬኑ ላይ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ሥር ላ ማርኬታ የሚባል ገበያ አለ። ላጓርዲያ ከንቲባ ሆኖ በ1936 ያሠራው ነው። ከላይ ባቡር ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል። ያኔ ሰፈሩ በእጅ ጋሪ ነጋዴ የተሞላ ነበር። ከንቲባው ጋሪዎቹን ከመንገድ አንስቶ ነጋዴውን ጣሪያ ሥር አስገባ። ንጽሕናው ጥሩ ነው። ግን ለሁሉም ቦታ አልተገኘም፤ ኪራዩም አለ። ጉሊት ሲነሳ አይቶ ላደገ ሰው ይህን እንደ ድል ብቻ መቁጠር ይከብዳል።

ከ1934 እስከ 1945፣ 12 ዓመት ከተማዋን መራ። ዴሞክራቶች በሚበዙባት ከተማ ሪፐብሊካን ሆኖ ነው ያሸነፈው። ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ገንዘብ እያመጣ ድልድይና መናፈሻ፣ ለድሃው ደግሞ ቤት ሠራ። ኒው ዮርክ የሚል ትኬት ይዞ ኒው ጀርሲ ሲያርፍ ‘አልወርድም’ ብሎ ብሩክሊን ድረስ አስወስዷል፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ሐሳብ ከዚያ ንዴት ጋር ነው የሚነሳው። በ1945 ጋዜጣ አዳዮች አድማ ሲመቱ ሬድዮ ላይ ወጥቶ ለልጆች የጋዜጣውን የሥዕል ተረት አነበበላቸው። ስለሰውየው ከሰማሁት ሁሉ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው።

ጋሼ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣ “እኔ የምልህ፣ ፋሺስት አገራችንን ሲወር ይህ ሰው የት ነበር?” አሉኝ።

ጥያቄው ልክ ነው። ወረራው በጥቅምት 1935 ተጀመረ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የኒው ዮርክ ጣሊያኖች ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ለጣሊያን ቀይ መስቀል ገንዘብ የሚያሰባስብ ትልቅ ስብሰባ ጠሩ። ከንቲባ ላጓርዲያ ተገኝቷል። በዚያው ከተማ የሃርለም ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ሰልፍ ይወጡ ነበር። ላጓርዲያ ሂትለርን በ1937 በአደባባይ ዘልፎ በርሊንን ያስቆጣ ሰው ነው። በኋላ እህቱ ራቨንስብሩክ በተባለው የናዚ ካምፕ ታስራለች። ሙሶሊኒ ላይ ግን ያን ጊዜ ያን ያህል አልጮኸም። የጣሊያኖቹ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። ለተናቀ ሁሉ አፍ የሆነ ሰው እኛ ጋ ሲደርስ ዝም ማለቱ አንጀቴን ያቃጥለዋል። ‘ፖለቲካ ነው’ ብዬ ላልፈው አልችልም።

ለጋሼ ሌላም ነገር ነገርኳቸው። ከንቲባነቱን ከለቀቀ በኋላ፣ በ1946፣ ላጓርዲያ ኡንራ የተባለውን የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት መራ። ኡንራ ከረዳቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሰውየው በዓመቱ፣ በመስከረም 1947፣ በካንሰር ሞተ። መቃብሩ እሳቸው ከሚኖሩበት ብሮንክስ፣ ዉድሎን ነው።

“ይኼንንም ጻፈው” አሉኝ ጋሼ። “ያኛውን ግን እንዳትተወው።”