ሞዴል 22 ላይ ከመፈረምህ በፊት

ጦር ኮሌጅ ልግባ የሚል ወጣት ሁሉ ስለ ሩጫው ይጠይቀኛል። ሩጫው ይለመዳል። ሌሊት መነሣቱም፣ ብርዱም፣ ጩኸቱም ይለመዳል። መጠየቅ ያለበት ስለ ጫማ ቁጥር ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የሁለት አውራ ጣቶቼ ጥፍር ባልወደቀ ነበር።

የኮሌጁን ስም አልጠራም። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ ባሕር ዛፍና የጤፍ ማሳ የከበበው ሰፊ ግቢ ነው። ለመግባት የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የጤና ምርመራ፣ የአካል ብቃት ፈተናና ቃለ መጠይቅ አለ። በዚህ በኩል የምማረርበት ነገር የለኝም፤ ሁሉም በወጉ ሄደ።

ቀኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ፊሽካ ይነፋል። አልጋ ይነጠፋል፣ ሩጫ ይወጣል፣ ሻይ በዳቦ ይቀመሳል፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። እስከ ቀትር ትምህርት ነው፤ ምሳ ሽሮ ወይም ምስር፣ ከሰዓት በኋላ የሰልፍ ልምምድ፣ ማታ ጥናትና ስም ጥሪ። 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፤ የጥበቃ ተራ የደረሰበት ሰው ግን መልሶ ይነሣል። እንግዲህ አስቡት፤ ከክፍልና ከምግብ ሰዓት በስተቀር ዕጩ መኮንን የሚውለው ቆሞ ነው። የሚቆመውም በከስክስ ውስጥ ነው።

አልባሳት የሚታደለን ቀን በረጅም ሰልፍ ንብረት ክፍሉ በር ላይ ቆምን። የንብረት ኃላፊው ሃምሳ አለቃ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ ይጣራል፣ ይወረውራል፣ ያስፈርማል። «ቁጥር?» አለኝ። «42» አልኩ። ቀና ብሎም ሳያየኝ 41 ወረወረልኝ። «ሃምሳ አለቃ፣ 42 ነው ያልኩት» ስል፣ «ቆዳ ነው፣ ይሰፋል። ፈርም!» አለኝ። ከኋላዬ የመቶ መሪው «ቶሎ በሉ!» እያለ ይጮሃል። ሞዴል 22 ላይ ፈረምኩ።

የመንግሥት ንብረት አሠራር ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሞዴል 22 ዕቃ ከግምጃ ቤት መውጣቱን የሚያሳይ ቅጽ ነው። እሱ ላይ ከፈረምክ ተረክበሃል፤ ዕቃው ያንተ ዕዳ ሆኗል። ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት የሚገባው ደግሞ በሞዴል 19 ነው። በማግስቱ ጫማውን ይዤ ብመለስ ሃምሳ አለቃው ሶሉን ገልብጦ አየና የተለጠፈውን ዋልካ በጣቱ ጠረገ። «ተረግጦበታል። ያገለገለ ዕቃ በአዲስ ስም ገቢ አላደርግም» አለኝ። ጫማው የተረገጠው ከንብረት ክፍሉ እስከ ሰልፍ ሜዳው ድረስ ብቻ ነበር።

ቆዳውም አልሰፋም። ከስክስ እንደ ከተማ ጫማ አይደለም፤ ጫፉ ደረቅ ነው፣ ከእግር ጋር አይግባባም። መጀመሪያ ተረከዜ ተላጠ፤ ቀጥሎ ውኃ ቋጠረ፤ ከዚያ አውራ ጣቶቼ ጠቆሩ። «ወደ ኋላ ዙር!» በተባለ ቁጥር የሰውነቴ ክብደት በሙሉ እነዚያ ጣቶች ላይ ያርፋል። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ቆዳዬም አብሮት ይነሣ ነበር።

በደንቡ መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው በዕዝ ሰንሰለት ነው። ለጓድ መሪዬ ነገርኩት፤ ለመቶ መሪው ነገረልኝ። የመቶ መሪው በሰልፍ ፊት አስወጣኝና «አባቶችህ ዓድዋም ማይጨውም የዘመቱት በባዶ እግራቸው ነው፤ አንተ ጫማ ጠበበኝ ትላለህ!» አለኝ። ሰልፉ ሳቀ። እውነት ነው፣ አብዛኛው ዘማች ባዶ እግሩን ነበር። ባዶ እግር ግን ለማንም ጠቦት አያውቅም። ይህን በልቤ አልኩት እንጂ ከአፌ አላወጣሁትም።

ክሊኒክ ሄድኩ። የክሊኒኩ ሰው እግሬን አየ፤ አዘነልኝም። «ቀላል ሥራ» የሚል ወረቀት እንዲጽፍልኝ ስለምነው ግን «ጫማ መጥበብ በሽታ አይደለም፤ የንብረት ጉዳይ ነው» ብሎ ፓራሲታሞል ሰጠኝ። ንብረት ክፍሉ ደግሞ የጤና ጉዳይ ከሆነ ከክሊኒክ ማስረጃ አምጣ ይላል። በነዚህ ሁለት በሮች መካከል በተላጠ እግር መመላለስ ምን እንደሚመስል ለመግለጽ የሚያስችለኝን ቃል ወታደራዊ ሥነ ሥርዓት ይከለክለኛል።

ደህና ነገር ያደረጉልኝ የወጥ ቤቷ እትዬ ናቸው። ሳንጠይቃቸው ሳህን ስንመልስ አረማመዳችንን ያያሉ። «ና አንተ የምታነክሰው» ብለው በሳፋ ለብ ያለ ውኃ በጨው አዘጋጁልኝ። ውኃ የቋጠረውን አትንኩ የሚለው ምክር ነገ ረጅም ጉዞ ለሌለበት ሰው ይሠራል። እኔ በእሳት ያቃጠልኩትን መርፌ ከጠርዙ አስገብቼ ውኃውን አፈሰስኩ፤ ቆዳውን ግን አልላጥኩትም። ዛሬም የምመክረው ይህንኑ ነው።

በዚያ ሳምንት የታሪክ መምህራችን ስለ ሆለታ ያስተምሩን ነበር። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች እርዳታ ስለተከፈተው ትምህርት ቤት፣ ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ የጣሊያን ወረራ ስለደረሰባቸው ዕጩ መኮንኖች፣ ከፊሎቹም ወደ ወለጋ ዘልቀው ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ስለመሰለፋቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጸጉሬ በቆመ ነበር። ያን ቀን ግን ጠረጴዛው ሥር የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ፣ ደወሉ እንዳይደወል እጸልይ ነበር።

መፍትሔው በጥበቃ ሌሊት መጣ። የአዲስ አበባ መብራት በሰማዩ ጥግ ይታያል፤ ውርጭ ነው። አብሮኝ የተመደበው የአልጋ ጎረቤቴ ጫማውን አውልቆ ከጫፉ የተጨማደደ ጋዜጣ አወጣ፤ የስፖርት ገጽ ነበር። «ምንድነው?» ስለው «ሰፍቶኝ ነው። 41 ብለው 42 ሰጠኝ» አለኝ። ተያየንና አፋችንን በጨርቅ አፍነን ሳቅን። እዚያው ተቀያየርን። እግሬን 42ቱ ውስጥ ሳስገባ የተሰማኝን ደስታ የምረቃዬ ቀን የሚደግመው አይመስለኝም።

ስለዚህ ለሚገቡ ልጆች የምለው ይህ ነው። በማንኛውም ሰልፍ መሐል ቁሙ፤ ፊት ያለው ለሥራ ይታዘዛል፣ ኋላ ያለው ይቀጣል። በዕደላ ቀን ግን ፊት ቁሙ፤ ብዙ ሰው የሚለብሰው ቁጥር ቶሎ ያልቃል። የሚላክላችሁ ዝርዝር ካልሲ አታምጡ ይላል፤ ሁለት ወፍራም የሱፍ ካልሲ ከመርካቶ ገዝታችሁ አምጡ። ሳትለኩ አትፈርሙ፣ ይጩኹባችሁ። የዕዝ ሰንሰለቱን አክብሩ፤ ከዚያ በፊት ግን የአልጋ ጎረቤታችሁን ቁጥሩን ጠይቁት።

ከስክስ የሚቀየረው አሮጌው ሲመለስ ነው። የእኛ ተራ ሲደርስ ሃምሳ አለቃው የመዝገብ ካርዴን አወጣ። «አንተ የወሰድከው 41 ነው፣ ይህ 42 ነው። የጎደለ ዕቃ አለብህ» አለኝ። ጓደኛዬ ከጎኔ 41 ይዞ ቆሟል፤ በእሱ ካርድ ላይ 42 ተጽፏል። ሁለት ጫማ ወጥቷል፣ ሁለት ጫማ ተመልሷል ብለን ብናስረዳው «ካርድና ካርድ አይደባለቅም» አለ። የሁለቱም ጫማ ዋጋ ከኪስ ገንዘባችን ተቆረጠ። የተቆረጠበትን ደረሰኝ አስቀምጫለሁ፤ ምክትል መቶ አለቃ ሆኜ ስመረቅ ያንን ንብረት ክፍል መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ።