ሜላቶኒኑ ነው ወይስ አልኮሉ?

የላም ፅንስ በላብራቶሪ ማምረት ስጀምር ያስቸገረኝ ማዳቀሉ አልነበረም። ከቄራ ከመጡ ኦቫሪዎች የቀዳኋቸው እንቁላሎች ይዳቀላሉ፤ ይከፋፈላሉም። ከዚያ 8 ወይም 16 ሕዋስ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። የላም ፅንስ እናቱ የሰነቀችለትን ጨርሶ የራሱን ዘረመል ሥራ የሚያስጀምረው እዚህ ጋ ነው። ብዙዎቹ አይሻገሩትም።

ጽሑፍ አገላበጥኩና ከኦክስጅን ጉዳት ይከላከላል የተባለውን ሁሉ ሚዲያው ውስጥ (እንቁላሎቹና ፅንሶቹ በጠብታ በጠብታ የሚቀመጡበት ፈሳሽ ውስጥ) ከተትኩ፤ ሲስቴአሚን፣ ሜላቶኒን፣ ቫይታሚን ሲ። ጭራሽ ባሰባቸው። አንድ ባልደረባዬ "ሜላቶኒኑን በምን አሟሟኸው?" አለኝ። በኢታኖል፣ ማለትም በአልኮል። "ኢታኖል ብቻ ያለበት ጠብታስ የታለ?" ዝም አልኩ።

ሁሉንም አውጥቼ ከዜሮ ጀመርኩ። ለካ ፅንሶቹን የማሳድገው እንደ ውጭው አየር 20 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ውስጥ ነው። በላሟ የማህፀን ቱቦ ውስጥ ያለው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ናይትሮጅን እያስገባሁ ወደ 5 በመቶ አወረድኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ከገዛኋቸው ዱቄቶች ሁሉ ይሄ በለጠ። በአንድ እጄ እሳት እያራገብኩ በሌላው ውሃ ስረጭ ከርሜያለሁ።

ቀጥሎ ሲስቴአሚንን ብቻ መለስኩ። መጠኑ 100 ማይክሮሞላር፣ የሚገባውም እንቁላሉ በሚጎለምስበት 24 ሰዓት ውስጥ ነው። እንቁላሉ ግሉታታዮን እንዲያከማች ያግዘዋል። ግሉታታዮን ደግሞ ከኦክስጅን ጉዳት ይከላከላል፤ ከተዳቀለ በኋላም የወንዴው ዘር ጭንቅላት እንዲፈታ ያስፈልጋል። ሲስቴአሚን ሲቆይ ስለሚበላሽ በየጊዜው ትኩስ አዘጋጃለሁ።

ሚዲያው ውስጥ የማስገባው ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ደግሞ አታለለኝ። ብላስቶሲስቶቹ፣ ማለትም ሳምንት ገደማ የሞላቸው ፅንሶች፣ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ደስ ይላሉ። ግን ስብ ያጠራቅማሉ፤ በማይክሮስኮፕ ጠቆር ብለው ይታያሉ። አቀዝቅዤ ሳቀልጣቸው አብዛኞቹ አልተነሱም። ስለዚህ ሴረሙን አልቡሚን በሚባል ፕሮቲን ተካሁት።

የአቆጣጠሬም ነገር አለ። ስንቱ ብላስቶሲስት እንደደረሰ መቶኛውን የማሰላው ከተከፋፈሉት ፅንሶች ነበር፤ ቁጥሩ ያምራላ! አሁን የምነሳው መጀመሪያ ካስገባኋቸው እንቁላሎች ነው። ዘሩን የምጠቀምበትን ኮርማም በሙከራ መሃል አልቀይርም።

ሜላቶኒኑን በመጨረሻ እንደገና ሞከርኩት፤ ከብርሃን ሸፍኜ፣ ከጎኑ ኢታኖል ብቻ ያለበት ጠብታ አድርጌ። መጀመሪያ በድሮው የአልኮል መጠን። ሁለቱም ጠብታዎች እኩል ተበላሹ። የአልኮሉን መጠን ከ0.1 በመቶ በታች ሳወርደው ሁለቱም ዳኑ።