ብርሃንህን ላክ

ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት በብዙዎቻችን ዘንድ «የገና ጾም» ተብሎ ብቻ ስለሚታወቅ፣ ነቢያት የጌታን መምጣት ከሩቅ እያዩ በጾምና በጸሎት መጠበቃቸው ይዘነጋል። ከልደት በፊት ያሉት ሦስቱ እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። እኔን አጥብቆ የሚይዘኝ ሁለተኛው ነው፤ የዕለቱ ምስባክ፣ ማለትም ከወንጌል ንባብ በፊት የሚዜመው የመዝሙር ጥቅስ፣ «ብርሃንህንና እውነትህን ላክ» የሚለው የዳዊት ልመና ሲሆን፣ ጌታ ከተወለደ በኋላ የምንኖር ክርስቲያኖች ገና እንዳልመጣ ሆነን መለመናችን ቀድሞ ግራ ያጋባኝ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ግን፣ እርሱ ቢመጣም በልባችን ውስጥ ገና ያልበራባቸው ማዕዘኖች አሉ፤ ቂም የቋጠርንበት፣ ድኻውን አይተን ያለፍንበት። (ሥጋና ወተት ትቼ ሐሜት ያልተውሁባቸው ጾሞች እኔም አሉኝ።) ዘንድሮ እስከ ልደት ድረስ ጠዋት ጠዋት ይህችን ጥቅስ እየደገምሁ፣ ወደ ተቀያየምሁት ወንድሜ ደጅ ለመሄድ አስቤአለሁ።