ከባዱ ዋዜማው ነው

ወንድሜ በ52 ዓመቱ የአንጀት ካንሰር ሲገኝበት ሐኪሙ እኛንም አልማረንም። "ወንድምና እህቶቹም ታዩ" አለ። ወንድም፣ እህት ወይም ወላጅ የታመመበት ሰው በ40 ዓመቱ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ መታየት አለበት፤ ከሁለቱ የሚቀድመው ይወሰዳል። እኔ 40ን አልፌያለሁ። ምርመራው ኮሎኖስኮፒ ይባላል። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በመቀመጫ በኩል ገብቶ ትልቁን አንጀት ያያል።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ቱቦውን ነው። እኔም እንደዛው። ግን ቱቦው ሲገባ ተኝታችኋል። ከባዱ አንጀት በሚያስቀምጥ መድኃኒት የሚታጠብበት ዋዜማው ነው፤ ለዋዜማው ደግሞ ውሃና ሽንት ቤት ያስፈልጋል።

የምኖረው አራት ኪሎ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ በሆነበት ግቢ ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቀጠሮ ስይዝ መጀመሪያ ያየሁት የሰፈሩን ፈረቃ ነው። በርሜሉንም ጀሪካኖቹንም ሞላሁ። ቀጥሎ ለጎረቤት መንገር ነበረብኝ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ ያዘኝ። አከራዬ እማማ ዘንድ ገብቼ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ አቋረጡኝ።

"ኮሶ ልትጠጣ ነው በለኛ! እኛ ኮሶ የጠጣን ቀን እንግዳም አናስገባም ነበር። በል ለሌሎቹ እኔ እነግርልሃለሁ።"

አለቀ። ያን ቀን በሩን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ፋይበር የበዛበት ምግብ ይቀራል። እኛ ቤት ይሄ ማለት የሚበላ ነገር ሁሉ ማለት ነው፦ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቆሎ። ተልባማ አይታሰብም፤ ፍሬው አንጀት ውስጥ ቀርቶ ካሜራውን ያስቸግራል። የሚፈቀደው ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ፉርኖ ዳቦ፣ የተላጠ ድንች፣ እንቁላል ነው። ወቅቱ ጾም ስለነበር እንቁላሉም ቀረና በሩዝና በድንች ሰነበትኩ። በዋዜማው ጠጣር ምግብ የለም፤ ውሃ፣ ሻይ፣ ስፕራይት፣ ወተት የሌለው ቡና ብቻ። ቡና እንደሚፈቀድ ስሰማ ግማሹ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ብቻ በደንብ ይጥለል፤ ከሲኒው ሥር ያለውን አተላ ተዉት። ከርከዴና ቀይ ለስላሳ ክልክል ነው፤ ካሜራው ላይ ደም ይመስላል።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ። የአይረን ክኒን ከሳምንት ገደማ በፊት ይቆማል። ደም ማቅጠኛና የስኳር መድኃኒት ግን ሐኪሙ ሳያዝ በራስ አይቆምም።

ማጠቢያው በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። ጨው ጨው ይላል፤ እሱም ባልከፋ፣ ብዛቱ እንጂ። ግማሹ ማታ ይጠጣል፣ ግማሹ ንጋት ላይ። ቀጠሮዬ ጠዋት 3 ሰዓት ስለነበር ሁለተኛውን ልጠጣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሳሁ። ያዋጣኝ ዘዴ ይሄ ነው፦ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዞ፣ በስትሮ፣ በየ15 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ከዚያ ሎሚ መጥ። ሲያቅለሸልሸኝ ግማሽ ሰዓት አረፍኩና ቀጠልኩ። ቫዝሊኑን ገና ሳይጀምራችሁ ተቀቡ፤ ሶፍት ብቻውን ቆዳ ይልጣል። የሚወጣው ብርዝ ሲመስል አንጀት ጸድቷል ማለት ነው። በደንብ ካልጸዳ ሐኪሙ ማየት ስለማይችል ያ ሁሉ ስቃይ እንደገና ነው።

ጠዋት ራይድ ጠርተን በካዛንቺስ በኩል ወደ ስታዲየም ወረድን። የታክሲ ሰልፍ ለዚህ ቀን አይሆንም። አብሮኝ የእህቴ ልጅ ነበር፤ አዋቂ አጃቢ ከሌለ ምርመራውን አይጀምሩም። ከኋላ የሚከፈት ጋውን ለበስኩ። በግራ ጎኔ ተኝቼ ጉልበቴን ወደ ሆዴ ሰበሰብኩ። ነርሷ አንሶላ ጣል አደረገችብኝና በክንዴ ደም ሥር የሚያስተኛውን ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም።

ስነቃ ሆዴ ተነፍቷል። አንጀቱን ለማየት አየር ይሞሉበታል። ነርሷ "ጋሼ፣ ያስወጡት እንጂ፣ እዚህ የሚያፍር የለም" አለች። እውነቷን ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያሉትም አላፈሩም።

ሐኪሙ ያስረዳኝን አላስታውስም። እያወራሁት ነበር አሉ። ደግነቱ የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ ጽፎ ይዟል፤ አጃቢያችሁን ይህን አደራ በሉት። እስከ ማግስቱ መኪና መንዳትም ሰነድ ላይ መፈረምም የለም።

አንዲት ትንሽ ፖሊፕ፣ ማለትም አንጀት ግድግዳ ላይ የበቀለች ትርፍ ሥጋ፣ ተገኝታ እዚያው ተቆርጣ ወጣች። ሲቆረጥ አይሰማም። ናሙና ከተወሰደ የፓቶሎጂው (የናሙናው የላብራቶሪ ምርመራ) ክፍያ ለብቻው ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውጤቱ አዴኖማ ሆነ፤ ካንሰር አይደለም፣ ግን ዓመታት ቢያገኝ ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ዓይነት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመለስ ተብያለሁ። የሪፖርቱን ኮፒ ለእህቶቼ ሰጥቻለሁ። ተራቸው ሲደርስ ሐኪማቸው ይጠይቃቸዋል።