ሃያ ምጣድ ለናይሮቢ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንዲት እናት አቃቂ ያለችው ወርክሾፔ ድረስ መጡ። ናይሮቢ ምግብ ቤት አላቸው። አዲስ አበባ የመጡት ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ነው። ሠርግ ቤቱ የተጋገረበትን የኤሌክትሪክ ምጣድ አይተው "ማነው የሠራው?" ሲሉ ወደ እኔ ላኳቸው። ሁለት ገዙ። ቡና እየጠጡም "የኔ ልጅ፣ እዚያ ከሠራልኝ ሃያ አዝሃለሁ" አሉኝ። ለራሳቸውና ለሌሎቹ ያገር ልጅ ምግብ ቤቶች ማለታቸው ነው።

ምጣዴ ምን የተለየ ነገር አለው? እውነቱን ለመናገር ብዙም አይደለም። ሸክላው ቀጠን ይላል። ከሥር ያለው ጀሶ ደግሞ ወፍራም ነው፤ ሙቀቱ ወደ መሬት ከመውረድ ወደ ሊጡ ይወጣል። እዚህ ለመድረስ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል። በነዚያ ዓመታት ማሟሻ ላይ የተሰነጠቁብኝን ሸክላዎች ቁጥር ባለቤቴ ነች የምታውቀው።

እትዬ ናይሮቢ በገቡ በሳምንቱ ደወሉ። "እንጀራው አረረብኝ! ስፒናውም አይያዝም፣ ይፋጃል።"

ጥፋቱ የኔው ነበር። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ የኬንያ 240። ሲያዩት ትንሽ ነው። ግን ለሬዚስታንሱ፣ ማለትም ምጣዱን ለሚያግለው ሽቦ፣ ቮልቱን 9 በመቶ ስትጨምሩለት የሚበላው ኃይል በ19 በመቶ ይጨምራል። 3,500 ዋት ብዬ የሠራሁት ምጣድ ናይሮቢ ሲገባ ከ4,100 በላይ ሆነ። በዚያ ላይ የኬንያ ስፒና ከእንግሊዝ የተወረሰው ባለ ሦስት ጥርስ ነው። ውስጡ ባለ 13 አምፔር ፊውዝ አለው፤ አባቴ ቫልቮላ የሚለው። የኔ ምጣድ 17 አምፔር ይጎትታል። እንኳን ቤቱ አልተቃጠለ!

ያን ሰሞን ሶኬት ሳነብ አመሸሁ። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ናይጄሪያ የእንግሊዙን ይጠቀማሉ። ሴኔጋልና ኮትዲቯር የፈረንሳዩን። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሦስት ትልልቅ ክብ ጥርስ ያለው አላት። ቅኝ ገዢዎቹ ሲሄዱ ሶኬታቸውን ግድግዳው ላይ ትተውት ሄደዋል። (እኛ አልተገዛንም እንላለን እንጂ "ስፒና" ራሱ ጣልያንኛ ነው።)

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። የሬዚስታንሱን ሽቦ በግማሽ ያህል አስረዘምኩትና ወደ 2,800 ዋት አወረድኩት። ሸክላው ቀጭን ስለሆነ ችሎታል። እስኪግል ትንሽ ያስጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ የእንጀራው ዓይን እንደ ድሮው ነው። ሁለቱን ቀይሬ ላክሁላቸው። ወደዱት። ሃያውን አዘዙ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። ሁለት ምጣድ እንደ ቤት ዕቃ ያልፋል። ሃያ ግን ንግድ ነው፤ ንግድ ከሆነ ደግሞ የጥራት ፍተሻ ወረቀት ይፈልጋል። እኔ ወረቀት አለኝ፤ እዚሁ አገሬ ላብራቶሪ ገብቶ ያለፈ። እዚያ ግን እንደ አዲስ መፈተሽ አለበት ተባልኩ። ወጪው የሦስት ምጣድ ዋጋ ነው። ለፍተሻ የሚሰጠው ናሙና ምጣድ ለብቻው ነው። ሃያ ምጣድ ላይ የማገኘውን ትርፍ ብታዩት ታዝኑልኛላችሁ።

አሁን ካምፓላ ያለ አንድ ሙያተኛ አስቡ። እሱ የኡጋንዳን የጥራት ምልክት ካገኘ በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የ2006 ሕግ መሠረት ኬንያም ታንዛኒያም ያንን ምልክት መቀበል አለባቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) አንድ ጊዜ ተፈትሾ ብዙ አገር ይሸጣል። ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበር አባል አይደለችም። እኔን ከሱ የሚለየን ሙያ አይደለም፤ ማኅተም ነው።

ለአህጉሩ ሁሉ የሚሆነውም ቢሆን በወረቀት ደረጃ አለ። ነጻ የንግድ ቀጠናው በ2018 ኪጋሊ ላይ ተፈረመ፤ የእኛም ፓርላማ በዓመቱ አጽድቆታል። ስድስተኛው አባሪ የሚያወራው ስለዚሁ ነው፤ አገሮች አንዱ የሌላውን ፍተሻ እንዲቀበል። የአፍሪካ የደረጃዎች ድርጅት የተቋቋመው ደግሞ በ1977 ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ናይሮቢ። ከእትዬ ምግብ ቤት ምን ያህል ይርቅ ይሆን?

ስለ ፈጠራ ፖሊሲ ሲወራ ግን የምሰማው ሌላ ነው። በጥር 2007 መሪዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው እያንዳንዱ አገር በ2010 ከጠቅላላ ምርቱ ቢያንስ 1 በመቶውን ለምርምር እንዲያውል አሳሰቡ። ቀኑ አልፏል፤ አህጉሩ በአማካይ እዚያ አልደረሰም። ስታርትአፕ የሚባለውም፣ ጀማሪው የፈጠራ ድርጅት፣ አለ። ቱኒዚያ በ2018 ያወጣችው ሕግ ያስቀናል። ተቀጣሪ የራሱን ሥራ ልሞክር ቢል የአንድ ዓመት ፈቃድ ይሰጠዋል። የፈጠራ ምዝገባ ወጪውን መንግሥት ይችልለታል። ጥሩ ነው፤ ግን እንዲህ ያሉ ሕጎች ሲወጡ ሁሉም ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣለት ላፕቶፕ የያዘ ወጣት ነው። ጀሶ የተቀባ እጅ ማንም አይታየውም።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገን መፈተሻው ነው ስል ባንክ የሚሠራ ጓደኛዬ ይሟገተኛል። "አንተ ዓለምን በምጣድህ ቀዳዳ ነው የምታየው" ይለኛል። "ላብራቶሪ ቢኖርህ ሸክላ የምትገዛበት ብድር ከየት ታመጣለህ?" ልክ ነው፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ያለ መያዣ ብድር ማግኘት ከባድ ነው። እኔ ግን ትእዛዝ በእጄ ነበር። ቅድሚያ ክፍያ ሊልኩልኝ የተዘጋጁ ሰው ነበሩ። ገዢ ካለ ገንዘቡ መንገድ አያጣም። በየአገሩ አንድ ደህና የኤሌክትሪክ ዕቃ መፈተሻ ቢኖርና ወረቀቱ ከሞያሌ ማዶ ቢነበብ፣ ብድሩን ቆሜ እከራከርበታለሁ።

እትዬ ባለፈው ሳምንት ደወሉ። ሁለቱ ምጣዶች ከንጋት ጀምሮ ይጋግራሉ፤ ጎረቤታቸው ያለው ምግብ ቤትም እየጠየቃቸው ነው። "ሃያዎቹስ?" አሉኝ። "እትዬ፣ ፍተሻውን እየጠበቅሁ ነው" አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ የልጆቼን ደህንነት ጠየቁኝ።

ስምንቱን ቸኩዬ ጨርሻቸዋለሁ። ሽቦአቸው የተለካው ለ240 ቮልት ስለሆነ እዚህ ቢሰኩ በደንብ አይግሉም፤ ለሰፈር ሰው መሸጥ አልችልም። ስፒና ሳልገጥምላቸው ግድግዳ አስደግፌ አቁሜአቸዋለሁ።