የመዳብ ሰሌዳው ፊት

ዛሬ ቤልጂየም፣ አንትወርፕ፣ ድሮ ማተሚያ ቤት በነበረው ፕላንቲን ሞሬተስ ሙዚየም ውስጥ፣ ሥዕል ለማተም የተቀረጸ አንድ የመዳብ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ቀረሁ። አብረውኝ የገቡት ሁሉ አልፈውኝ ሄዱ።

ቀራጩ ስለታሙን መቅረጫ ይዞ ወደ ፊት ይገፋል። መስመሩ እንዲጎብጥ ሲፈልግ ግን በሌላ እጁ ሰሌዳውን፣ ከሥሩ ካለው የቆዳ ትራስ ላይ፣ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ጥልቁ ጭረት ብዙ ቀለም ይይዝና ጥላ ይሆናል። ቀጭኑ ብርሃን ይሆናል። ደግሞ ሁሉም የሚቀረጸው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው! የፊደልና የመዳብ ማተሚያው የተለያየ ስለሆነ፣ ጽሑፍም ሥዕልም ያለበት ገጽ ሁለቴ ይታተም ነበር።

ሠዓሊው ሩበንስ ለዚህ ማተሚያ ቤት የመጽሐፍ ርዕስ ገጾችን ነድፏል። መዳቡን የቀረጹት ግን ሌሎች ናቸው። ያኔ አንድን ሥዕል ራሱን ለማየት ያለበት ቦታ ድረስ መሄድ ነበረብህ። ህትመቱ ነው አገር ያሻገረው። የቀራጩ ስም ከሥር በደቃቁ ይጻፋል፤ አጠገቡ «ስኩልፕሲት» ይላል፣ በላቲን «ቀረጸው» ማለት ነው። ጎንበስ እያልኩ እነዚህን ስሞች ሳነብ ዋልኩ።

ስወጣ አባ ጎርጎርዮስ ትዝ አሉኝ። በ1652 ጀርመን ጎታ ሄደው ለጀርመናዊው ምሁር ለሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባሕር ላይ ሞቱ። ዛሬ መልካቸውን የምናውቀው በሉዶልፍ መጽሐፍ ውስጥ በታተመው ምስል ነው። ያንን ጢም አንድ ሰው፣ ጭረት በጭረት፣ መዳብ ላይ አውጥቶታል።